ጣናን የሚሻገር ሬዲዮ፦ በገመድ አልባ ባክሆል ለሚሠራ አነስተኛ ኩባንያ

ባሕር ዳር ላይ ለምህንድስና ተማሪዎችና አዲስ ድርጅት ለማቋቋም ለሚያስቡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ስልካችሁ ላይ የሲግናል መስመሮቹ ሁሉ ሞልተው ኢንተርኔቱ ግን እየተንቀራፈፈ ያስቸገራችሁ ጊዜ ይኖራል። መስመሮቹ የሚናገሩት ከስልካችሁ እስከ ታወሩ ስላለው መንገድ ብቻ ነው። ከታወሩ ወዲያ እስከ ዋናው ማዕከል ያለው መንገድ ባክሆል ይባላል፤ እሱ ከጠበበ ወይም ከተቋረጠ ስልኩ ላይ ያለው ሙሉ ሲግናል ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ባክሆል በፋይበር ይሠራል፣ በሳተላይትም ይሠራል። ታወር ላይ ከበሮ መስለው ተሰቅለው የምታዩአቸው ክብ ዲሾች ደግሞ በማይክሮዌቭ የሚሠራው ዓይነት ናቸው። የዛሬው ንግግር ስለነሱ ነው፤ በተለይም ከፊታቸው ጣና ሲዘረጋ ስለሚሆነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ዘርፍ አነስተኛ ኩባንያ የምታቋቁሙ ከሆነ ሬዲዮውን ከባዶ ለመሥራት አትነሱ። ባለ 4096 ኳም ሬዲዮ (ኳም ዳታውን በሞገዱ ላይ የመጫኛ ዘዴ፣ ማለትም ሞዱሌሽን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር በአንዴ የሚጫነው ዳታ ይበዛል) የሚጠይቀው ሞገዱን የሚያመነጨው ኦሲሌተር ጥራት፣ የኃይል ማጉያው ሲግናሉን ሳያዛባ መሥራት፣ ከዚያም የአውሮፓው የቴሌኮም ደረጃ አውጪ ድርጅት የኢቲኤስአይ 302 217 መስፈርት የሚያዝዘው ፍተሻ ትልልቆቹን ድርጅቶች እንኳ ያደክማል። ዋና ዋናዎቹን ቺፖች የሚሠሩትም በዓለም ላይ ጥቂቶች ናቸው። ሬዲዮውን ገዝታችሁ ስቀሉት። ጣናን የሚያሻግረው የአንቴና አቀማመጥ ስሌት፣ ጣቢያውን ክረምቱን የሚያሳልፈው የኃይል አቅርቦት፣ መስመሩን በየሰከንዱ የሚከታተለው ሶፍትዌር ግን በካርቶን ታሽጎ አይመጣም። ለአምስትና ለስድስት ሰው የሚበቃ ሥራ ያለው እዚያ ነው።

መስመሩ ሊሸከመው የሚገባውን የዳታ መጠን በፍጥነት ልለፈው፤ ቀላል ስለሆነ። ሦስት ሴክተር ያለው፣ ማለትም በሦስት አቅጣጫ የሚያሰራጭ የ4ጂ ጣቢያ፣ በእያንዳንዱ ሴክተር 20 ሜጋኸርዝና ሁለት በሁለት አንቴና ካለው፣ አንዱ ሴክተር ሁኔታው ሲመቸው እስከ 150 ሜጋቢት በሰከንድ ያወርዳል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ጣሪያ ይነካሉ ብሎ ማቀድ ብክነት ነው። ተጠቃሚ በሚበዛበት ሰዓት የአንድ ሴክተር አማካይ ከ30 እስከ 40 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ የአንዱን ሴክተር ጣሪያና የሦስቱን አማካይ ድምር አወዳድራችሁ የሚበልጠውን ትወስዳላችሁ፤ እዚህ 150 ይሆናል። ለፓኬት መጠቅለያና ለምስጠራ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስትጨምሩበት 180 አካባቢ ይደርሳል። 28 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ቻናል በ256 ኳም የሚሰጠውም ወደዚያው ነው፤ ጠርዝ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ከኋላው ሌላ ጣቢያ የሚንጠለጠልበት ከሆነ ከወዲሁ 56 ሜጋኸርዝ ጠይቁ። ሞዱሌሽን እየጨመርኩ እወጣዋለሁ የሚል ሰው ሒሳቡን ይይ፦ ከ256 ወደ 512 ኳም መውጣት የሚጨምረው 12.5 በመቶ ነው፤ ከ2048 ወደ 4096 ደግሞ 9 በመቶ ብቻ። እያንዳንዱ እርከን ግን ወደ 3 ዴሲቤል የሚጠጋ ሲግናል ይበላል (ዴሲቤል የሲግናል ጉልበት ማወዳደሪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል ማጣት ግማሹን ማጣት ነው)፤ በዚያ ላይ ሬዲዮው በከፍተኛው ሞዱሌሽን የመላኪያ ጉልበቱን ራሱ ዝቅ ያደርጋል።

አሁን ወደ ሐይቁ እንግባ።

ጣና 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ደቅ ደሴት የሚደርስ መስመር እንውሰድ፤ ለስሌት አጠጋግተን 36 ኪሎ ሜትር እንበለው። ሁለቱም አንቴናዎች ከውሃው ወለል በላይ 40 ሜትር ላይ ናቸው፤ ፍሪኩዌንሲው 7 ጊጋኸርዝ፣ ዲሾቹ 1.2 ሜትር። ካርታ ላይ መስመሩን ስትስሉት በዘጌ አጠገብ ያልፋል፤ ዘጌ ደግሞ ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ምድር ነው፤ ስለዚህ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውን የዛፍ ቁመት ሳትለኩ ታወር አትምረጡ። የሳተላይት የከፍታ ካርታ አንዳንዴ የዛፉን አናት፣ አንዳንዴ ደግሞ በመካከል ያለ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ጀልባ ተከራይቶ በሌዘር ርቀት መለኪያ መለካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ስሌት የምድር ክብነት ነው። ከአንዱ ጫፍ ያለውን ርቀት ከሌላው ጫፍ ባለው ርቀት በኪሎ ሜትር አባዙና ለ17 አካፍሉ። መካከሉ ላይ 18 ሲባዛ በ18፣ ለ17 ሲካፈል 19 ሜትር ይሰጣል። ማለት፣ ሁለቱን ጫፎች በሚያገናኘው መስመር መሐል ላይ ውሃው 19 ሜትር አብጦ ይጠብቃችኋል። ከ40 ላይ 19 ስትቀንሱ 21 ሜትር ክፍተት ይቀራል። ሁለተኛው ስሌት የፍሬስኔል ዞን ነው፤ ሞገዱ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ስለማይሄድ በዙሪያው የሚፈልገው ባዶ ቦታ ማለት ነው። ለመካከሉ፣ 36ን ለ7 አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ8.66 አባዙ፤ 19.6 ሜትር ነው። ከዚህ 60 በመቶው፣ ማለትም 12 ሜትር ያህሉ፣ ነጻ መሆን አለበት። 21 ሜትር ስላለን ወረቀት ላይ አልፈናል። ብዙዎች እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ይዘጋሉ። ስህተቱም የሚጀምረው እዚሁ ነው።

ያ 17 ከየት መጣ? አየሩ ሞገዱን ትንሽ ወደ ምድር ስለሚያጎብጠው መሐንዲሶች የምድርን ራዲየስ በ4/3 አባዝተው ያሰላሉ፤ ይህ ብዜት ኬ-ፋክተር ይባላል። 12.75 የምድር ራዲየስ እጥፍ በሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ በ4/3 ሲባዛ 17 ነው። ግን 4/3 አማካይ ነው፤ አየሩ በአማካይ አይኖርም። ኬ ወደ 2/3 ሲወርድ የውሃው እብጠት ከ19 ወደ 38 ሜትር ያድጋል፤ መስመራችሁ ከውሃው በ2 ሜትር ብቻ ይርቃል። ያኔ የምታጡት ሲግናል ብዙ ነው።

ተቃራኒው ደግሞ የበለጠ ያታልላል። ውሃው ላይ የሚመታውና ተንፀባርቆ የሚደርሰው ጨረር ከቀጥተኛው ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ይጓዛል። ትርፍ መንገዱ ለእኩል ከፍታዎች እንዲህ ይሰላል፦ ከማንፀባረቂያው ነጥብ በላይ ያለው ከፍታ በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በ2 ተባዝቶ፣ ለርቀቱ ይካፈላል። በኬ 4/3 ከፍታችን 21 ሜትር ነው፤ ትርፉ 2.45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የ7 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 4.28 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ትርፉ ግማሽ ሞገድ አለፍ ያለ ነው። ውሃ ሲያንፀባርቅ ደግሞ ሞገዱን ይገለብጠዋል፤ ግማሽና ግማሽ ተደምሮ ሁለቱ ጨረሮች ተደጋግፈው ይደርሳሉ። እንግዲህ ዲሾቹን በቀትር ስታስተካክሉ ከተሰላው በላይ ሲግናል ታገኛላችሁ። ደስ ብሏችሁ ትወርዳላችሁ።

ሌሊት ላይ ነፋሱ ይተኛል። ውሃው ላይ እርጥብ አየር ይረጋል፣ ከላዩ ደረቅ አየር ይቀመጣል፣ ሞገዱ ከወትሮው በላይ ይጎብጣል፣ ኬ ወደ 2 ይወጣል። የውሃው እብጠት ከ19 ወደ 12 ተኩል ሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ ከማንፀባረቂያው ነጥብ በላይ ያላችሁ ከፍታ ወደ 28 ሜትር ይጠጋል፤ ትርፍ መንገዱም አንድ ሙሉ ሞገድ ያህል ይሆናል። ውሃው ስለገለበጠው ሁለቱ ጨረሮች አሁን ይጣፋሉ። ሲግናሉ ከ10 ዴሲቤል በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ቀትር ላይ ከነበረው ጋር ስታወዳድሩት ልዩነቱ ከዚያም ይበልጣል። ቴክኒሻኑ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ደርሶ ሲለካ ፀሐይዋ አየሩን ቀላቅላዋለች፤ ሁሉም ደህና ነው። «ምንም አላገኘሁም» ብሎ ይመለሳል። በማግሥቱም ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መስመሩ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ላይ ሬዲዮ መለወጥ፣ ገመድ መለወጥ፣ ካርድ መለወጥ ለወራት ሊቀጥል ይችላል፤ ጥፋቱ ግን ቁመቱ ላይ ነው።

መፍትሔ ተብለው የሚነሱትን አንድ በአንድ እንያቸው። ትልቅ ዲሽ ይፈታዋል የሚባለው ስህተት ነው። ቀጥተኛውና የተንፀባረቀው ጨረር የሚለያዩት በ0.1 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 1.2 ሜትር ዲሽ በ7 ጊጋኸርዝ ያለው የጨረር ስፋት ደግሞ 2.5 ዲግሪ ነው። ዲሹን 1.8 ብታደርጉትም ሁለቱን ለይቶ አያያቸውም። ዲሹን ትንሽ ወደ ሰማይ ቀና ማድረግም ለዚህ ርቀት ያው ነው። ውሃው ሲናወጥ ነጸብራቁ ይበተናል የሚለውም አያስኬድም። ጨረሩ ውሃውን የሚነካው እጅግ በተጋደመ ማዕዘን ስለሆነ፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ወለሉ ሻካራ ሆኖ እንዲታየው 3 ሜትር ተኩል የሚያህል ማዕበል ይፈልጋል። ጣና ከሰዓት በኋላ በነፋስ ሲናወጥ ታንኳ ለቀዘፈ ሰው ያስፈራል፤ ለማይክሮዌቭ ግን መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ መስመሩ የሚሻሻለው ነፋሱ አየሩን ስለሚቀላቅለው ነው።

የሚሠራው አንደኛው መንገድ ሁለት አንቴና በአንድ ታወር ላይ፣ አንዱን ከሌላው በታች መስቀል ነው። የላይኛው ሲጣፋበት የታችኛው እንዲደገፍ፣ የሞገዱን ርዝመት በርቀቱ አባዙ፣ ከማንፀባረቂያው ነጥብ በላይ ላለው የሌሊቱ ከፍታ፣ ለ28 ሜትር፣ አራት እጥፍ አካፍሉ። በምሳሌያችን 14 ሜትር ይወጣል። የላይኛው 40 ላይ ካለ የታችኛው 26 ላይ ይሆናል። የታችኛውን መስመር ክፍተት ግን እንደገና አስሉ፦ ከ40 ወደ 26 የሚወርደው መስመር መሐል ላይ 33 ሜትር ነው፣ 19 ሲቀነስ 14 ይቀራል፣ የሚያስፈልገው 12 ነው፤ ለጥቂት ያልፋል። ዋጋው ሁለት ተጨማሪ ዲሽና ሁለት ተጨማሪ መቀበያ ነው፤ ታወሩም የሚሸከመው የነፋስ ጫና ይጨምራል። ሁለተኛው መንገድ አንዱን ጫፍ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ነው። ያኔ የማንፀባረቂያው ነጥብ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይጠጋል፣ ትርፍ መንገዱም በኬ መለዋወጥ ያን ያህል አይናወጥም። ባሕር ዳር እንደ ቤዛዊት ያለ ኮረብታ ስላላት ይህ ለእናንተ ቅርብ ነው። እንደ እኔ ከሆነ፣ ከፍታ በነጻ የሰጠ ኮረብታ ባለበት ቦታ ሁለት ዲሽ ከመግዛት በፊት ይህን መሞከር ይሻላል።

የሐይቁ ወለል ራሱም አይቆምም። ከክረምቱ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል፤ ልዩነቱ በተለመደ ዓመት ከ1 ሜትር ተኩል አያንስም። ስለዚህ «ከውሃው በላይ 40 ሜትር» ስትሉ የለካችሁበትን ቀን ጻፉ። ሰኔ ላይ የተለካ ከፍታ ጥቅምት ላይ ያው አይደለም።

ባሕር ዳርን ከጎርጎራ በአንድ ዝላይ ማገናኘት ይቻላል ወይ? ርቀቱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እብጠቱ መሐል ላይ 72 ሜትር፣ የፍሬስኔሉ 60 በመቶ 16 ሜትር ተኩል፤ ሁለቱም ጫፍ ከሐይቁ በላይ 90 ሜትር ያህል መቆም አለባቸው ማለት ነው። ይቻላል፤ ግን እስካሁን ያልኩት ችግር ሁሉ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ደቅ ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

የሲግናሉን ሒሳብም እንይ። መላኪያው 25 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የተለካ ጉልበት)፣ እያንዳንዱ ዲሽ 36 ዴሲቤል ገደማ፣ በባዶ አየር የሚጠፋው በ36 ኪሎ ሜትር 140 ተኩል ዴሲቤል ነው። ለማያያዣና ለገመድ 2 ቀንሱ፤ የሚደርሰው ከዜሮ በታች 45 ዲቢኤም አካባቢ ነው። 256 ኳም ከዜሮ በታች 66 አካባቢ ላይ ቢቋረጥ 21 ዴሲቤል መጠባበቂያ አላችሁ። ይህ ቁጥር ለደረቅ ምድር ደህና ነው፤ ለሐይቅ ቀጭን ነው። ሬዲዮው ሲግናል ሲወርድ ሞዱሌሽኑን ራሱ እንዲያወርድ አድርጉት፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ስልክ የሚደውል ሰው አይቋረጥበትም። ሲያወርድ የትኛው ትራፊክ ይቅደም የሚለውን ግን ራውተሩ ላይ እናንተ መወሰን አለባችሁ። ይህ ቅንብር ካልተሠራ ቪዲዮና የጣቢያው የቁጥጥር መልእክት እኩል ይጣላሉ፣ ጣቢያውም ይወድቃል።

ዝናቡ ሌላ ጠላት ነው፤ ግን ከነጸብራቅ ይልቅ ግልጽ ጠላት ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ዶፍ በ7 ጊጋኸርዝ በኪሎ ሜትር ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ነው የሚወስደው። በ18 ጊጋኸርዝ በአግድም ፖላራይዜሽን (ፖላራይዜሽን ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው) 6፣ በቁም ፖላራይዜሽን 4.7 ዴሲቤል ይወስዳል። በ80 ጊጋኸርዝ ወደ 20 ይደርሳል። ስለዚህ ለሐይቁ ማዶ 6፣ 7 እና 8 ጊጋኸርዝ፤ እንደ ዘጌ ላለው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ትልቅ መጠባበቂያ ካላችሁ እስከ 13 ወይም 15፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ለሆነው 80 ጊጋኸርዝ። የመጨረሻው በ250 ወይም 500 ሜጋኸርዝ ቻናል ጊጋቢቶች ስለሚሰጥ ያጓጓል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለደቂቃዎች ሊጠፋ እንደሚችል አውቃችሁ፣ ከጎኑ ባለ 18 ጊጋኸርዝ መስመር ብታቆሙለት አስፈላጊው ትራፊክ በዚያ ያልፋል። የቁም ፖላራይዜሽን መምረጥ ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ግን ዲሹ ከካርቶኑ በወጣበት አቅጣጫ ይሰቀላል። ከተማው ውስጥ ደግሞ የመንገዱ ዘንባባ አለ። ዛሬ ከመስመሩ በታች ያለ ዛፍ በሁለትና ሦስት ክረምት ይደርስበታል፤ ርጥብ ቅጠል በ80 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ነው።

አንድ የማይረሳ የፍሪኩዌንሲ ሕግ አለ። እያንዳንዱ መስመር የሚልክበትና የሚቀበልበት ፍሪኩዌንሲ ጥንድ ነው፤ አንዱ ጫፍ በላይኛው ይልካል፣ ሌላው በታችኛው። በአንድ ታወር ላይ ያሉ የአንድ ባንድ ሬዲዮዎች በሙሉ ወይ «ላይ» ወይ «ታች» መሆን አለባቸው። ካልሆነ የአንዱ መላኪያ የጎረቤቱን መቀበያ ያደነቁረዋል። ጣናን በቀለበት ለመዞር የምታስቡ፣ ባሕር ዳር፣ ደቅ፣ ምዕራቡ ዳርቻ እያላችሁ ስትቆጥሩ ጣቢያዎቹ ጎዶሎ ከሆኑ ቀለበቱ ላይ አንዱ ጣቢያ የግድ ሁለቱንም ይሆናል። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ጣቢያ ያለው ቀለበት አይዘጋም። ወይ አንድ ጣቢያ ጨምሩ፣ ወይ አንዱን መስመር በሌላ ባንድ አድርጉ።

ኃይል። ደሴት ላይ ያለ ማስተላለፊያ ጣቢያ፣ የስልክ ጣቢያውን ሳይጨምር ሁለቱ ሬዲዮዎችና ራውተሩ ብቻ፣ 150 ዋት ይበላሉ እንበል። በ24 ሰዓት 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በክረምት ደመና ሙሉ ፀሐይ በቀን 4 ሰዓት ብቻ ቁጠሩ፤ ለብክነት 25 በመቶ ተዉ፤ 1.2 ኪሎዋት የሶላር ፓኔል ያስፈልጋል። ለሦስት ጨለማ ቀናት 10.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ ባትሪውን ከ80 በመቶ በላይ ላለማውረድ 13.5፣ በ48 ቮልት 280 አምፔር ሰዓት ያህል። በጋ ላይ ለክታችሁ ግማሽ ፓኔል ይበቃል ካላችሁ ነሐሴ ላይ ትጨልማላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ መሣሪያ የሚያቃጥለው ግን ፖላሪቲ ነው። የቴሌኮም መሣሪያ በ48 ቮልት ሲሠራ ፖዘቲቩ ነው ከምድር ጋር የሚታሰረው። ከገበያ የምትገዙት የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለር ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቩን ከምድር ጋር የሚያገናኝ ነው። ሁለቱን በአንድ ካቢኔ ውስጥ አገናኝታችሁ ሁለቱንም ኧርዝ ካደረጋችሁ ባትሪውን በቀጥታ ሾርት አደረጋችሁት ማለት ነው። ፊውዙ ከተቃጠለ ዕድለኞች ናችሁ። ለፖዘቲቭ ኧርዝ የሚሆን ኮንትሮለር ግዙ፣ ወይም መግቢያና መውጫው የተለያየ መቀየሪያ በመካከል አድርጉ።

መብረቅ በዚህ አካባቢ ቀልድ አይደለም። ገመዱ ከታወሩ አናት፣ ከታወሩ እግርና ከካቢኔው መግቢያ ላይ ኧርዝ ይደረግ፤ የምድሩ ተቃውሞ ከ5 ኦም በታች እንዲሆን ድከሙ፣ በደረቅ ወር ለኩት እንጂ በነሐሴ ጭቃ አትመኑት። የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር አይለፍ። ከታወር አናት እስከ ካቢኔ ዳታውን በፋይበር ማውረድ ቢያንስ በዚያ በኩል መብረቅ እንዳይገባ ይዘጋል። ማያያዣዎቹ ላይ ራሱን በራሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ እንደሚደራረበው ማለት ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከጠቀለላችሁት ውሃ ይሰበስባል። ገመዱ ወደ ካቢኔ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲረግብ አድርጉ፣ ጠብታው እዚያ ይውደቅ።

ዲሽ ማስተካከል ላይ ትልቁ ወጥመድ የጎን ጨረር ነው። ዲሹን ስታዞሩ ሲግናል ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፤ አገኘሁት ትላላችሁ። ያ ከዋናው ጨረር 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ዝቅ ያለው የጎን ጨረር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተሰላው ቁጥር ሳይያዝ ታወር አይወጣም። ከስሌቱ ከ3 ዴሲቤል በላይ ከራቃችሁ አልጨረሳችሁም። ሰፊ አድርጋችሁ አዙሩ፣ ሁለቱንም ዝቅታ ፈልጉ፣ መካከሉን ያዙ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች። ሰዓቱ ከጧቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ማለዳ ላይ የጎበጠ ጨረር ተከትሎ የተስተካከለ ዲሽ ቀን ላይ ጠማማ ነው። በሐይቅ ላይ ደግሞ በሁለት የተለያዩ ቀናት አረጋግጡ፤ ነጸብራቁ ሲደግፋችሁ የተመዘገበ ቁጥር ያኮራል እንጂ አያስተማምንም። ብሎኖቹን ዲሹ ከመጣበት ወረቀት በተጻፈው ጥብቀት አጥብቁ፣ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳችሁ እንደገና አጥብቁ።

ሲንክሮናይዜሽንን፣ ማለትም የጣቢያዎቹን ሰዓት ማግጠምን፣ ለማለፍ ያህል ላንሳው። በጊዜ ክፍፍል የሚሠራ 4ጂና 5ጂ ጣቢያዎቹ በ1.5 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ከጋራው ሰዓት ጋር እንዲገጥሙ ይፈልጋል። ሰዓቱን በባክሆሉ የምትልኩ ከሆነ ሞዱሌሽኑ ሲለዋወጥ የፓኬቱ መዘግየት ስለሚለዋወጥ ሰዓቱ ይናወጣል፤ ሬዲዮው ራሱ መዘግየቱን ለክቶ የሚያርም ዓይነት መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ስፔክትረምን በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥር አድርጎታል። ለሙከራም ቢሆን ሳትጠይቁ አትላኩ። ማመልከቻው ላይ የጣቢያውን ኮኦርዲኔት፣ የአንቴናውን ከፍታ፣ አቅጣጫና ፖላራይዜሽን በትክክል ጻፉ፤ ኮኦርዲኔቱን ከስልክ ካርታ በግምት የወሰደ ሰው መሣሪያው ከውጭ ከመጣ በኋላ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል።

ከአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እነሆ።

«ለምን በሐይቁ ዙሪያ ወይም በውሃው ሥር ፋይበር አይዘረጋም?» ፋይበር መንገድ በደረሰበት ሁሉ ይቅደም፤ ማይክሮዌቭ እሱን አይተካውም። ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ገመድ ማስቀመጥ ይቻላል። ጥልቅ አለመሆኑ ግን ራሱ አደጋ ነው፤ መረብ፣ መልህቅና ደለል ሁሉ ይደርስበታል። በፎገራና በደምቢያ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ አለ፤ ዳርቻውን ሲዘጋው የጥገና ጀልባ መጠጋት ይቸግረዋል። ለጥቂት ሺህ ደንበኛ ደሴት ሬዲዮው ይቀላል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ሳተላይትም አማራጭ ነው፤ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ስለሚሆን የስልክ ንግግር ላይ ይታወቃል። ማይክሮዌቭ በአንድ ዝላይ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው።

«ገንዘብ የለንም፤ በምን እንጀምር?» በመለካት ጀምሩ። ከባሕር ዳር ዘጌ ያለውን ወይም ሌላ አጭር የውሃ መንገድ ውሰዱ፤ በባለሥልጣኑ ፈቃድ ርካሽ የ5 ጊጋኸርዝ ጥንድ ሬዲዮ አቁሙ፤ በታወሩ ላይ በሁለት የተለያየ ከፍታ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ስቀሉ፤ የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ ከዳርቻ ላይ አንብቡ። የሬዲዮዎቹ አስተዳደር ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጠው የ15 ደቂቃ ማጠቃለያ ነው፤ ለሃያ ሰከንድ የጠፋ ሲግናል እዚያ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ የሚደርሰውን ሲግናል በየሰከንዱ የሚመዘግብ ፕሮግራም ራሳችሁ ጻፉ። በሰከንድ 2 ባይት ቢይዝ የዓመቱ ሙሉ 63 ሜጋባይት ነው፤ በአንድ አሮጌ ፍላሽ ላይ ይገባል። ከመስከረም እስከ መስከረም ያለውን የጣና ሌሊት በዚያ መጠን የያዘ ቡድን ቀጣዩን መስመር ለሚያቅድ ኦፕሬተር የሚያሳየው ነገር አለው።